«ወገቤን» ስትል እጇ የት ነበር?

ጡረታ ከወጣሁ 7 ዓመት ሆኖኛል፤ ሰፈራችን ግን ጡረታዬን እስካሁን አላጸደቀልኝም። ጠዋት ቡና ልቀዳ ስል በሩ ይንኳኳል። «ሲስተር፣ አሉ?» አንዷ የልጇን ትኩሳት ትነግረኛለች፤ ሌላው የደም ግፊት መድኃኒቱን ይዞ «ይህ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ይለኛል። ከሁሉም በላይ ግን ወደ ቤቴ ሰው የሚያመጣው ወገብ ነው። «ወገቤን ቆረጠኝ» ይላሉ፤ «ወገቤንና ሆዴን አንድ ላይ ያዘኝ» ይላሉ፤ ወይም እንደ አዲስ አበባ ሰው ልማድ በደፈናው «ኩላሊቴን» ይሉኛል። እኔም ስኒውን አስቀምጬ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ «እስቲ እጅዎን የሚያምዎት ቦታ ላይ ያድርጉልኝ።»

ብዙው ሰው ይገረማል። «ወገቤን አልኩዎት እኮ!» ይላል። እጁን ሲያስቀምጥ ግን አንዱ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ አንዱ መቀመጫው ላይ፣ አንዷ ደግሞ ከእምብርቷ በታች ታሳርፋለች። ሁሉም «ወገቤን» ብለው የመጡ ናቸው።

በ1974 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስጀምር ይህን መጠየቅ ተምሬ ነበር። ለማላውቀው ሰው ሁሉ እጠይቅ ነበር። ሳልጠይቃት የቀረሁት ታላቅ እህቴን ነው። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

እትዬ

ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ 5 ዓመቴ ነበር፤ እትዬ 14 ዓመቷ። ትምህርቷን አቋርጣ፣ ጠላ እየጠመቀች አሳደገችኝ። ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ገላዬን ያጠበችኝ እሷ ናት። ለነርስነት ትምህርት ስመረጥም የነበራትን አንድ ጥንድ የጆሮ ወርቅ ሸጣ ሻንጣና ጫማ ገዛችልኝ።

በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በስልክ ስናወራ «ወገቤን» ማለት ጀመረች። ያኔ ዕድሜዋ 61 ነበር። እኔም እንደ ባለሙያ መለስኩላት። «እትዬ፣ ዕድሜ ነው። ጋን አታንሺ፤ ምጣድ ላይ ብዙ ሰዓት አታጎንብሺ፤ ሙቅ ነገር አድርጊበት» አልኳት። የሕመም ማስታገሻ እየገዛሁ በሰው እልክላት ነበር። ኪኒኑን ስትውጥ ለጥቂት ሰዓት ይተዋታል፤ እኔን ላለማስጨነቅም «ተሽሎኛል» ትለኛለች። ወጌሻ ጋ ሄዳ ታሸች፤ ጠበልም ተጠመቀች። እንዲህ ስምንት ወር ሙሉ እህቴን በስልክ አከምኳት።

ለ2003 ፋሲካ ሄድኩ። ገና ስትስመኝ አጥንቷ እጄ ላይ ቀረ። ቀሚሷ ሰፍቷታል። በርጩማው ላይ በአንድ ጎኗ ተደግፋ ነው የምትቀመጠው። «ወገቤን» ስትል ደግሞ እጇ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ከእምብርቷ በታች ይዛ ነው የምትለው። ውኃ ልደፋ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ፀሐይ በማያገኘው የአጥሩ ጥግ የታጠቡ ቁርጥራጭ ጨርቆች ተሰጥተው አየሁ። የወር አበባዋ ከቆመ ከ10 ዓመት በላይ የሆናት ሴት ቤት እንዲህ ያለ ጨርቅ ምን ይሠራል?

ማታ መብራቱን አጥፍተን ጎን ለጎን ተኛን። «እትዬ፣ ደም ይፈስሻል?» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። በኋላ «ገላሽን ያጠብኩሽ ልጅ እኮ ነሽ፤ ይህን ለአንቺ በየት አፌ እነግርሻለሁ?» አለችኝ። ከጀመራት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ጠብ ጠብ የሚል ደም፣ ከዚያ እየበዛ የመጣ። «ያረጥኩት ተመልሶ መጣ መስሎኝ» አለች።

አዲስ አበባ አመጣኋት። የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ከማህፀን በር አልፎ ወደ ጎን ተስፋፍቷል፤ ከግራ ኩላሊቷ ሽንት የሚያወርደውን ቱቦም ተጭኖታል። ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ኩላሊቷን ወጥሮት ነበር። ወገቧን ያማት የነበረው እሱ ነው። እትዬ አልዋሸችም፤ እውነትም ወገቧን ያማት ነበር። ሕመሙ ግን የተነሣው ከወገቧ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በሀገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። እዚያ ታከመች። ደሙ ቆመላት፤ ሕመሙም ቀለለላት። እኔ ቤት ሆና 14 ወር ኖረች፤ በ2004 ሰኔ ላይ አረፈች። ለቅሶ የደረሰው ሰው «ምን አግኝቷት ነው?» ሲል ቤተሰቡ «ወገቧን ታማ» እያለ መለሰ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ወገብና ሆድ ለምን ይምታታሉ?

በሆዳችን ውስጥ ካሉት ብልቶች በርካታዎቹ የተቀመጡት ከጀርባችን ተጠግተው ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች፣ ሽንት የሚያወርዱት ቱቦዎች፣ ቆሽት፣ ከልብ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ ሁሉም የአከርካሪ ጎረቤቶች ናቸው። ማህፀን፣ የሽንት ፊኛና የወንዶች ፕሮስቴት ደግሞ ዳሌ ውስጥ ታች ተደርድረዋል። የእነዚህን ሕመም ወደ አእምሮ የሚያደርሱት ነርቮች ከወገብ ቆዳና ጡንቻ ከሚመጡት ጋር የሚገቡት በአንድ በር ነው። አእምሮ የትኛው እንደጠራው ስለሚምታታበት ማህፀን ሲታመም ወገብ፣ ኩላሊት ሲታመም ብሽሽት የታመመ ይመስለዋል።

ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። አብዛኛው የወገብ ሕመም የጡንቻና የጅማት ነው። ከባድ ነገር ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ መዋል፣ ልጅ አዝሎ መዋል፣ የማይመች ፍራሽ ያመጡታል። እንዲህ ያለው ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፤ ሲያርፉ ይቀላል፤ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ለዚህ አልጋ ላይ መዋል አይመከርም፤ እንደ አቅም መንቀሳቀስ ይሻላል። ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በእግር እስከ ተረከዝ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

ልናውቀው የሚገባን ሌላው ነው። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ልንገራችሁ።

የሚንቆራጠጥና ዝም ብሎ የሚተኛ

የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ ይንበረከካል። ሕመሙ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ በማዕበል መጥቶ ይሄዳል፤ ሽንቱም ደም ሊቀላቅል ይችላል። ትርፍ አንጀቱ የታመመ ሰው ግን በተቃራኒው ዝም ብሎ፣ እግሩን አጥፎ ይተኛል። አልጋው ሲነካ እንኳን ፊቱ ይቋጠራል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይዞራል። ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ እንዲህ ከተኛ በሐኪም ሳይታይ ሆዱን አያሹት፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይስጡት። ፈጥነው ይውሰዱት።

ሽንት ሲያቃጥል፣ ቶሎ ቶሎ ሲመጣ፣ በዚያ ላይ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳትና የጎን ሕመም ሲጨመር ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሶ ይሆናል። ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ የዕለት ጉዳይ ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልም። በዕድሜ የገፉ አረጋውያን ደግሞ ሽንታቸው ሳያቃጥላቸው፣ ትኩሳትም ሳያሳዩ፣ በድንገት መቃዠትና ነገር መርሳት ብቻ ሊታይባቸው ይችላል። «አረጁ» ብላችሁ አትተዉአቸው።

«የወር አበባ ነው» የተባለው

በጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት ልጇን ደግፋ ገባች። «የወር አበባ ሕመም ነው፤ ሁልጊዜም ያማታል» አለች። ልጅቷ ፊቷ ነጥቷል፤ ላብ አጥምቋታል። የታችኛው ሆዷን በአንድ በኩል፣ ወገቧን፣ ከዚያም የትከሻዋን ጫፍ ያማታል። እናትየዋን ውጭ ቆዩልኝ ብዬ ብቻዋን ጠየቅኳት። የወር አበባዋ ሦስት ሳምንት ዘግይቶባታል። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ቱቦውን ቀዶ ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ትከሻዋን ያመማትም ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ነው። በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዳነች። እናቷ እያለች ብጠይቃት እውነቱን ትነግረኝ ነበር? አይመስለኝም። እናቶች ሆይ፣ ባለሙያ «ለጊዜው ውጭ ይቆዩልኝ» ስትላችሁ አትቀየሙ።

ጋሼ ጎረቤቴ

የሴቷን ኀፍረት እናውቀዋለን፤ የወንዱ ግን ይበልጣል። ጎረቤታችን ጡረተኛ መምህር ናቸው። «ወገቤንና ታችኛው ሆዴን ይከብደኛል» ብለው መጡ። «ጋሼ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» አልኳቸው። ሳቁ። «የሽማግሌ ነገር፣ ምን ይቆጠራል?» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ስድስትም ሰባትም» አሉኝ። ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ የሽንት ፊኛቸው ሞልቶ እምብርታቸው ጋ ደርሶ ነበር። በቀጭን ቱቦ ሽንቱ ሲወጣላቸው ለወራት ያልተኙትን እንቅልፍ ተኙ። የእሳቸው ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ማደግ ነበርና ታክመው ዳኑ። የፕሮስቴት ካንሰር ግን ወደ አከርካሪ አጥንት የመሰራጨት ጠባይ አለው። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ወንድ ሽንቱ ሲቀጥንበት፣ ሲቆራረጥበት፣ ሌሊት ሲያመላልሰው፣ በዚያ ላይ ወገቡን ሌሊት ሌሊት ሲያመው ይታይ።

ሸማኔው

አንድ ወጣት ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚውል ወገቡን ማመሙ ማንንም አላስገረመም። አምስት ወር በማሸት ቆየ። ልብሱን አስወልቄ ጀርባውን በጣቴ ስዳስሰው አከርካሪው ላይ ትንሽ ጉብታ አገኘሁ። «ሌሊት ያልብሃል?» ስለው «አንሶላው እስኪርስ» አለኝ። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ሳል ሳይኖር አጥንት ሊበላ ይችላል፤ ከዘገየም እግር ሽባ ያደርጋል። ሕክምናው ወራት ቢወስድም ያድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ጥሬ ወተት ለሚጠጡም ላስታውስ፦ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ላብና ብርቱ የወገብ ሕመም ያመጣል። ወተቱን አፍልቶ መጠጣት ይበቃ ነበር።

አልማዝ ባለጭራም ሰውን ያሳስታል። ሽፍታው ከመውጣቱ ቀናት አስቀድሞ በአንድ ጎን ከወገብ ወደ ሆድ የሚዞር፣ የሚያቃጥል ሕመም ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወሰድ መድኃኒት ስላለው ሽፍታው እንደታየ መሄድ ይጠቅማል።

ሳይውሉ ሳያድሩ የሚሄዱባቸው

በቤታችሁ «ወገቤን» ወይም «ሆዴን» ያለ ሰው ከሚከተሉት አንዱ ካለበት ያን ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ሽንት መሽናት ካቃተው ወይም ሽንትና ሰገራ ካመለጠው፤ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ኮርቻ በሚነካው ቦታ ከደነዘዘው፤ እግሩ ከዛለ፤ ትኩሳት ካለው፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ከደረቀ፤ ራሱን ከሳተ። ዕድሜው የገፋ፣ በተለይም ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው በድንገት ሆዱንና ወገቡን የሚቀድ ሕመም ከያዘው ትልቁ የደም ቧንቧ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃም አይጠበቅም። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ አርፈውም የማይለቅ የሌሊት ሕመም፣ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ ጠብታም ቢሆን በዚያው ሳምንት መታየት አለባቸው።

ስለ ኪኒን አንድ ነገር ልበል። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት እንደ ከረሜላ ሲገዙ አያለሁ። እነዚህ በተለይ በአረጋውያን ላይ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። «ኩላሊቴን» እያሉ ኩላሊት የሚጎዳ ኪኒን የሚውጡ ስንት አሉ! ከሁሉ የከፋው ግን ሕመሙን አስተኝተው በሽታውን መሸፈናቸው ነው። እኔ ለእትዬ የላክሁላት ስምንት ወር የጊዜ መሸፈኛ ነበር።

ጥያቄው

ታዲያ ምን እናድርግ? እንጠይቅ። ለወላጆቻችን «ተሻለዎት?» ብለን ስንጠይቃቸው «ተመስገን» ይላሉ፤ በዚያው ያበቃል። ይልቅ ለይተን እንጠይቃቸው። እጅዎን የት ያሳርፋሉ? ሌሊት ያነቃዎታል? ሽንትዎስ? ሰገራዎስ? ልብስ ሰፍቶዎታል? ደም አይተዋል? ልጅ እናቱን ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ስለዚህ ቦታና ሰዓት ይምረጥ። ሰው በሌለበት፣ ከተቻለ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይጠይቅ። ለእኔ የረዳኝ ጨለማው ነበር። ልጁ ካፈረ ሴት ልጅ ወይም ምራት ትጠይቅ፤ ወይም ጤና ጣቢያ ወስዶ ከነርሷ ጋር ብቻቸውን ይተዋቸው። ጤና ጣቢያ ያለነው እኮ ለዚህ ነው፤ የማንሰማው ነገር የለም።

የማህፀን በር ካንሰር ደግሞ ቀድሞ ሊያዝ የሚችል ነው። ወደ ካንሰር ለመለወጥ ዓመታት ይፈጅበታል። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ነርሷ የማህፀን በርን ሆምጣጤ በመሰለ ፈሳሽ ቀብታ ትመለከታለች፤ ጉዳት የጀመረው ቦታ ወደ ነጭነት ይለወጣል። ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። ተገኝቶም ብዙውን ጊዜ ሳይተኙ በዚያው ይታከማል። ይህ ምርመራ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነውና አያቶች ሆይ፣ ሴት ልጆቻችሁን ላኩ።

በ2011 ዓ.ም. በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በሀገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የእትዬ የልጅ ልጅ በዚያ ዓመት 14 ሞላት። እናቷ፣ የእህቴ ልጅ፣ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ መካን ያደርጋል ይላሉ፤ ባይቀርባትስ?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ጥቂት ዝም አልኩ። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ የያዝኩት ዝምታ ነበር።

«እናትሽ በወገብ ሕመም አልሞተችም» አልኳት። የማህፀን በር ካንሰር እንደነበር፣ ዓመት ሙሉ አፍራ እንደደበቀችው፣ እኔም ነርስ ሆኜ ሳልጠይቃት እንደቆየሁ፣ ክትባቱ መካን እንደማያደርግ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ «ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም እንደ እትዬ አፍሬ ነው።

ልጅቷ ተከተበች። ማታ ራሷ ደውላ «እቴቴ፣ ክንዴን አሞኛል» አለችኝ።

«እጅሽን የሚያምሽ ቦታ ላይ አድርጊው» አልኳት። ሳቀች። «በስልክ እንዴት ታዪዋለሽ?» አለችኝ።

ልክ ነች፤ በስልክ አይታይም። በማግስቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሄድኩ።